«ፍቅር ካለ ታክሲ ባስ ይሆናል»፤ ማን ሲለው?

ሐያሲ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥም ወይም ስለ ፊልም ይጽፋል። እኔ ለዚህ እትም የመረጥኩት ድርሰት ግን አምስት ቃላት ብቻ አሉት። ደራሲው አይታወቅም፤ አሳታሚ የለውም፤ በመጻሕፍት መደብርም ፈልጋችሁ አታገኙትም። የሚነበበው በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲዎች ውስጥ፣ ከሾፌሩ ራስ በላይ ወይም በበሩ ላይ ከተለጠፉት ወረቀቶች መካከል ነው። «ፍቅር ካለ ታክሲ ባስ ይሆናል» ይላል።

«የታክሲ ጥቅስም ሒስ ይጻፍበታል እንዴ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይጻፍበታል እላለሁ። በየወጣት ኅብረታችሁ «በዚህ ወር አንድ ልብ ወለድ አንብቦ የጨረሰ ማነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚነሡት እጆች ጥቂት ይሆናሉ። «በዚህ ሳምንት የታክሲ ጥቅስ ያነበበስ?» ብትሉ ግን እጁን የማያነሣ የሚገኝ አይመስለኝም። መጽሐፍ ሲሰለቸን እንዘጋዋለን። የታክሲ ጥቅስ ግን ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ፣ መንገዱ ከተዘጋጋም አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ዐይናችን ፊት ተለጥፎ ይቆያል። ፈገግ እንልበታለን እንጂ አንመረምረውም፤ ሳንመረምረውም አብሮን ይወርዳል። ስለ ፍቅር፣ ስለ ሴት፣ ስለ ገንዘብና ስለ እግዚአብሔር ያለንን አስተሳሰብ ከሚቀርጹት ነገሮች አንዱ ይህ ማንም የማይጠረጥረው ንባብ ነው።

ድርሰቱ እንደ ድርሰት

በቅድሚያ ለጥቅሱ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። አሠራሩ የአባቶቻችን ምሳሌያዊ አነጋገር አሠራር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አስቡ። የፊተኛው ግማሽ ሁኔታን ያስቀምጣል፤ የኋለኛው ግማሽ ደግሞ የማይመስል ውጤት ያመጣል። ደካማው ድር ኃይለኛውን አንበሳ ያስራል። የታክሲው ጥቅስም በአንድ ሁኔታ ይጀምርና ትንሹን ትልቅ አድርጎ ያበቃል። የተለወጡት ዕቃዎቹ ናቸው። ድርና አንበሳ ለባላገሩ ቅርብ ነበሩ፤ ለከተማው ልጅ የሚቀርቡት ታክሲና ባስ ናቸው። ከአምስቱ ቃላት ሁለቱ ከባሕር ማዶ የመጡ ሆነው ሳለ ማንም እንግዳ ቃል ሰማሁ አይልም። «አውቶቡስ» ቢል ኖሮ ዐረፍተ ነገሩ ይንቀራፈፍ ነበር። «ባስ» ስላለ ግን ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ በአንድ ትንፋሽ ሊለው ይችላል።

ሰምና ወርቅም አለው። ሰሙ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ነው። ወርቁ ፍቅር ባለበት ጠባቡ ይሰፋል የሚል ነው። ይህን ወርቅ ብዙዎቻችን በቤታችን አይተነዋል። አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ልጆች ሲያድጉ፣ ከገጠር ዘመድ ሲመጣ ፍራሽ መሬት ላይ ሲነጠፍ፣ እናት ከሁሉም ድርሻ ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ ለእንግዳው ስታዘጋጅ ያየ ሰው ይህ ጥቅስ የት እንደ ተወለደ ያውቃል። እንዲህ ያለ እውነት በአምስት ቃላት፣ ያውም በፈገግታ፣ መናገር ቀላል ጥበብ አይደለም። ያልታወቀው ደራሲ በርታ ሊባል ይገባዋል።

ተናጋሪው ማነው?

ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው አንድን ድርሰት ሲያነብ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው «ተናጋሪው ማነው? የሚናገረውስ ለማን ነው?» የሚለው ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ትርጉሙ ይለወጣል። የእኛም ጥቅስ ቢያንስ ሦስት ተናጋሪዎች ሊኖሩት ይችላሉ።

የመጀመሪያው ለጣፊው ነው፤ ማለትም የታክሲው ሾፌር ወይም ረዳት። ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ ረዳቱ አራተኛ ሰው ሊያስገባ ይፈልጋል። አንዱ ተሳፋሪ «ሞልቷል እኮ!» ብሎ ያጉረመርማል። ረዳቱ በጣቱ ወደ ጥቅሱ ይጠቁማል፤ ታክሲው በሳቅ ይሞላል፤ ያጉረመረመው ሰው አፍሮ ይጠጋል። እዚህ ላይ ምን እንደ ተፈጸመ ረጋ ብለን እናስተውል። የአራተኛው ሰው ሒሳብ ወደ ታክሲው ኪስ ገባ። ጥበቱ በሦስቱ ተሳፋሪዎች ትከሻ ላይ ወደቀ። ፍቅር የተጠየቀው አንዱ ነው፤ ትርፉን ያገኘው ሌላው ነው። አልጠጋም የሚል ቢኖር ደግሞ «ፍቅር የሌለው ሰው» የሚል ስም ተዘጋጅቶለታል። ጥቅሱ በዚህ አፍ ሲነገር የፍቅርን ስም ለገበያ ያውላል።

ይህን ስል ረዳቱን ለመኮነን አይደለም። ከማለዳ እስከ ምሽት በር ላይ ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጣራ፣ ብዙ ጊዜም የእናንተ እኩያ የሆነ ወጣት ነው። ታክሲው የእርሱ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሾፌሩም አይደለም። ለባለንብረቱ የቀኑ ገቢ መግባት አለበት፤ ነዳጅ መቀዳት አለበት፤ ለሁለቱ የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ነው። ትርፍ ሰው የሚጭነው በክፋት ብቻ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ቀኑን ሙሉ አብሮት ቢውል ፍርዱን ያለዝበዋል። ቢሆንም ችግሩን መረዳት አንድ ነገር ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ የሚሠራውን ሥራ መደበቅ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ተናጋሪ ከታክሲው ውጭ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው እንበል። ዝናብ ይዘንባል፤ ታክሲዎቹ እየቀነሱ ነው፤ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ በሩ ላይ ትደርሳለች። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። «እባካችሁ፣ ትንሽ ጠጋ በሉልኝ» ትላለች። ጥቅሱን ባታነበውም እየተናገረች ያለችው እርሱን ነው። አሁን ዐረፍተ ነገሩ የተቸገረ ሰው ልመና ሆነ።

ሦስተኛው ተናጋሪ ወንበር ይዞ የተቀመጠው ሰው ነው። እርሱ አስቀድሞ ገብቷል፤ ሰልፉን ተሰልፏል፤ መብቱ ነው። ማንም ሳይገፋው «ነይ እማማ፣ እዚህ ጋ» ብሎ ትከሻውን ቢያጠብ ጥቅሱ በመጨረሻ እውነተኛ አፍ አገኘ ማለት ነው። የሚሰጠውም የሚጠበውም ራሱ ተናጋሪው ነውና።

እንግዲህ ቃሉ ሳይለወጥ በሦስት አፎች ሦስት ነገር ሆነ፤ ንግድ፣ ልመና፣ ስጦታ።

«ከወደድሽኝ»

ይህን ልዩነት ለምን አጥብቄ እንደያዝኩት ልንገራችሁ። «ፍቅር ካለ» የሚለው ሰዋስው ከታክሲው ወርዶ በሕይወታችን ውስጥ ይዘዋወራል። አንድ ወጣት ለሚወዳት ልጅ «ከወደድሽኝ እምቢ አትይኝም» ይላል። አንዷ ለእጮኛዋ «ካመንከኝ የስልክህን የይለፍ ቃል ስጠኝ» ትላለች። ቤሩት ወይም ዱባይ በሰው ቤት ለምትሠራ እህት «ብታስቢልን ኖሮ በዚህ ወርም ትልኪ ነበር» የሚል መልእክት ከአገር ቤት ይደርሳታል። ደመወዟ ስንት እንደሆነ፣ እግሯን ያሳረፈችበት ቀን መኖሩን የጠየቀ ግን የለም። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን «ለጌታ ፍቅር ካላችሁ» እየተባለ አምስት ወጣቶች የሃያ ሰው አገልግሎት ተሸክመው ሲደክሙ ዝም የምንልበት ጊዜ አለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ተናጋሪው የታክሲው ረዳት በቆመበት ቦታ ቆሟል። ፍቅርን ከሌላው ይጠይቃል፤ ፍሬውን ለራሱ ይሰበስባል።

እስቲ ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13 መጀመሪያ ላይ የሚሠራውን አስተውሉ። እርሱም ስለ ፍቅር ሲናገር «ቢኖር» እና «ባይኖር» እያለ በሁኔታ ይናገራል። የታክሲውን ጥቅስ የሚመስል ሰዋስው ነው። ነገር ግን ሁኔታውን የሚያስቀምጠው በማን ላይ ነው? በራሱ ላይ ነው። በልሳን ብናገር፣ ምሥጢርን ሁሉ ባውቅ፣ ያለኝን ሁሉ ለድሆች ባካፍል ካለ በኋላ ፍቅር ከሌለኝ ምን እንደሆንኩ ይመረምራል። እነዚያ ቆሮንቶሳውያን እርስ በርስ የሚነቃቀፉ ሰዎች ነበሩ። «እናንተ ፍቅር ቢኖራችሁ ኖሮ» ብሎ ቢጀምር ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን በአንደኛ መደብ ጀመረ። በኋላም ስለ ፍቅር ባሕርይ ሲዘረዝር ፍቅር የራሱን ጥቅም እንደማይፈልግ ተናገረ። ወጣቶች ሆይ፣ «ፍቅር ካለ» የሚል ቃል በጆሯችሁ ሲገባ ተናጋሪው ጣቱን ወደ ማን እንደቀሰረ ተመልከቱ። በራሳችሁ አፍ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ታክሲ በእውነት ባስ ይሆናልን?

ጥቅሱን በሰሙ ከያዝነው ሌላ ድካም ይታይበታል። ሃያ ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ ሃያ ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ ነው። ፍሬኑ ያው ነው፤ ጎማው ያው ነው፤ መውጫ በሩ ያው አንድ በር ነው። ተሳፋሪዎቹ ስለተዋደዱ ቁልቁለት ላይ ክብደቱ አይቀልም። ትርፍ መጫን በሕግ የተከለከለው ፍቅርን ለመጥላት አይደለም፤ የሰው ነፍስ እንዳይጠፋ ነው። ተሳፋሪውን የሚወድ ሾፌር አንዳንዴ «ሞልቷል» ማለት ግድ ይሆንበታል።

ይህም ወደ ትዳር ጉዳይ ያመጣናል። በወጣቶቻችን መካከል ጥቅሱ በሌላ መልክ ይዞራል። «ከተዋደድን ሌላው ይደርሳል» ይባላል። የቤት ኪራይ ስንት ነው? ሁለታችሁ የምትሠሩበት ቦታና የምትኖሩበት ቦታ ምን ያህል ይራራቃል? ልጅ ሲመጣ ማን ይይዘዋል? የእናንተን ደመወዝ የሚጠብቁ ወላጆችና ታናናሾች አሉ? ይህን የሚጠይቅ ሰው «እምነት የጎደለው» ወይም «ፍቅርን የማያውቅ» ይባላል። ጌታችን ግን በሉቃስ ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ተናግሯል። የተናገረው እርሱን ስለ መከተል ቢሆንም ወጪን መቁጠር ከእምነት ጋር እንደማይጣላ ያሳየናል። ፍቅር ታክሲውን ባስ አያደርገውም። የሚዋደዱ ሰዎች ግን ታክሲው ስንት ሰው እንደሚይዝ በእውነት ተነጋግረው፣ ያለውን ቦታ በምስጋና ይካፈሉታል።

ጥቅሶቹ የማይናገሩት

እኔ እስካሁን ባነበብኳቸው የታክሲ ጥቅሶች ውስጥ የሚደጋገሙት ጉዳዮች ጥቂት ናቸው። ሒሳብ ሳይጠየቁ ስለ መክፈል የሚያሳስቡ አሉ። ረዳቱ እንዲከበር የሚጠይቁ አሉ። የእግዚአብሔርን ጠባቂነት የሚመሰክሩ አሉ። ስለ ፍቅር የሚቀልዱ ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም መካከል ሴትን ገንዘብ ወዳድና የማትታመን አድርገው የሚያፌዙ አይጠፉም። የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ማልዳ ትሳፈራለች፤ ግራና ቀኟ የሚስቁ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ከፊቷ እርሷን የሚሰድብ ወረቀት ተለጥፏል። እርሷም አብራ እንድትስቅ ይጠበቅባታል። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረች ሰው በየማለዳው እንዲህ ዓይነት ንባብ ሲቀርብላት ወንድሞቿ «ቀልድ ነው» ብለን ማለፍ የለብንም። ቀልድ የሚመዘነው በሳቀው ሰው ብቻ ሳይሆን በተሳቀበትም ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ጥቅሶቹ ስለ ምን ዝም እንዳሉ ነው። ታክሲው ውስጥ ከተቀመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ቤተሰባቸው የሚሄዱ ናቸው። ልጁ ሳይተኛ ሊደርስ የቸኮለ አባት አለ። ማጀቷ የሚጠብቃት፣ እግሯ ያበጠ ሚስት አለች። ስለ እነርሱ የሚናገር ጥቅስ አላየሁም።

ከተማችን በነዚህ ሰዎች ላይ ያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች የራሳቸውን በር ሰጥቷል፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን ያመሰገኑ አያሌ ናቸው። ዕጣው ግን ሰውን ከሥራው፣ ከእናቱ ቤትና ከዕድሩ አርቆ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወስዶታል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። ሆኖም ሐዲዱ ያልደረሰበት ሰፈር ይበዛል፤ የማለዳውና የማታው ሰልፍም አልቀረም። አንድ ሰው ለመሄድ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ቢፈጅበት በአምስት የሥራ ቀን ሃያ ሰዓት መንገድ ላይ ያልፋል። ልጁን ሰኞ ማለዳ ተኝቶ ትቶት ይወጣል፤ ማታ ሲመለስም ተኝቶ ያገኘዋል። ሁለቱም የሚሠሩ ባልና ሚስት ቤታቸው ሲደርሱ የቀራቸውን ጉልበት ይዘው ነው የሚገናኙት። ሰልፍ ላይ የተጀመረው ንዴት ብዙ ጊዜ የሚጨረሰው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ የታክሲው ግፊያ ያናደደው ሰው «ወጡ ለምን ቀዘቀዘ?» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ላለው ትዳር ፍቅር ማለት ምን እንደሆነ የሚነግረው ድርሰት ማን ይጻፍለት?

የአማርኛ የፍቅር ፊልሞቻችንም በዚህ በኩል ብዙ አልረዱንም። ተደጋግሞ የምናየው የሀብታምና የድሃ ፍቅር ነው። መኪናው ያብረቀርቃል፤ መንገዱ ክፍት ነው፤ ፍቅረኞቹ ሐይቅ ዳር ይሄዳሉ። ፍቅረኞች አብረው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው የሚነጋገሩበት ትዕይንት ማየት ብርቅ ነው። ታሪኩ ከሠርጉ ቀን ቀጥሎ ስላለው ሰኞ ሳይነግረን ያልቃል። ውጤቱን በወጣቶቻችን መካከል እናያለን። መኪና መያዝ ወይም ቢያንስ በስልክ ራይድ መጥራት የፍቅር ማስረጃ ይመስል፣ ሚኒባስ የሚሳፈር ወንድም ልጅቷን ቡና ለመጋበዝ ያፍራል።

ለመሆኑ የሚሳፈረው ወጣት ፍቅርን የሚገልጥበት መንገድ የለውም? አለው፤ ባሕላችን ሰጥቶታል። ታክሲ ውስጥ የምናውቀውን ሰው ስናይ ቀድመን እንከፍልለታለን። «ተከፍሏል» ይባላል፤ «በፍጹም!» ይባላል፤ ጥቂት ሙግት ይነሣል፤ የማይተዋወቁት ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ፈገግ ይላሉ። የማታ ፕሮግራም ሲያበቃ ወንድሞች እህቶችን እስከ ታክሲው ይሸኛሉ፤ ታክሲው እስኪመጣ አብረው ይቆማሉ፤ ከገባች በኋላም «ስትደርሺ ደውዪ» ይላሉ። መሸኘት ያለ መኪናና ያለ ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ ፍቅር ነው። እዚህም ላይ ግን የተናጋሪው ጥያቄ ይከተለናል። የከፈለላትን የታክሲ ሒሳብ በልቡ መዝግቦ በኋላ ምላሽ የሚጠብቅ ወንድም ወደ ረዳቱ ቦታ ተመልሷል።

አሥር ግመሎች

ቤተሰብን፣ መጓጓዣንና ፍቅርን በአንድ ታሪክ ውስጥ ያገናኘ ድርሰት የሚፈልግ ካለ ዘፍጥረት ምዕራፍ 24ን ያንብብ። የአብርሃም ሎሌ ለጌታው ልጅ ሚስት ሊፈልግ አሥር ግመሎች ይዞ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ማታ፣ ሴቶች ውኃ ሊቀዱ በሚወጡበት ሰዓት፣ ከከተማው ውጭ ባለው ጉድጓድ አጠገብ ይደርሳል። ለእግዚአብሔር ምልክት ይጠይቃል፤ ርብቃ ግን ይህን አታውቅም። እርሷ የሰማችው የአንድ መንገደኛ ጥያቄ ነው፤ ከእንስራዋ ጥቂት ውኃ እንድታጠጣው ለመናት።

የታሪኩን ጥበብ ያየሁት ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ሰውየው የጠየቀው ለራሱ ነው። ስለ ግመሎቹ ለርብቃ አንዲት ቃል አልተናገረም። «ደግ ከሆንሽ ግመሎቼንም ታጠጫለሽ» አላላትም። እርሷ ራሷ እርሱን ካጠጣች በኋላ ለግመሎቹም ጠጥተው እስኪረኩ ድረስ እቀዳለሁ አለች፤ ወደ ጉድጓዱም ሮጠች። ከረጅም መንገድ የመጣ የአንድ ግመል ጥም ስንት እንስራ እንደሚፈጅ አስቡት፤ አሥር ሲሆኑ ደግሞ አስሉት። ትርፉን የጨመረችው ሰጪዋ ናት። በታክሲው ውስጥ ግን ትርፉን የሚጨምረው ጠያቂው ነበር። ጥቅሱ «ፍቅር ካለ» ብሎ የሚጠይቀውን ነገር ርብቃ ማንም ሳይጠይቃት አደረገችው።

ታሪኩ ስለ ቤተሰብም ይናገራል። ወንድሟና ቤተሰቦቿ ጉዳዩ ከእግዚአብሔር እንደሆነ ከተቀበሉ በኋላ እንኳ ርብቃን ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ትሄዳለች ወይ ብለው ይጠይቋታል፤ እርሷም እሺታዋን በራሷ አፍ ትሰጣለች። በዚያ ጥንታዊ ዘመን የልጅቱ ድምፅ ሲጠየቅ እናያለን። «ከወደድሽን ያልንሽን አግቢ» የሚል ቤተሰብ ዛሬም ካለ ይህን ክፍል ደግሞ ደጋግሞ ሊያነብ ይገባል። መጨረሻው ደግሞ እንዴት ያለ ነው! ይስሐቅ በመሸ ጊዜ በሜዳ ሳለ ግመሎቹ ሲመጡ ያያል፤ ርብቃ ከግመሏ ትወርዳለች፤ ወደ እናቱ ድንኳን ያገባታል፤ ይወድዳታል፤ ከእናቱ ሞት በኋላም ይጽናናል። ሐዘን የነበረበት ቤት መጽናኛ አገኘ። የፊልሞቻችን ታሪክ ሲያበቃ ይህ ታሪክ ገና ወደ ድንኳኑ ይገባል።

ርብቃንና ይስሐቅን እንደ ፍጹም ባልና ሚስት ለማቅረብ አላሰብኩም። ዘፍጥረት በኋላ ልጆቻቸውን በማዳላት ቤታቸውን እንዴት እንደከፈሉት አይሸሽግም። በዚያች ማታ በጉድጓዱ አጠገብ የታየው ፍቅር በቤት ውስጥም በየዕለቱ መታደስ ነበረበት። የእኛም እንዲሁ ነው።

ለኅብረቶቻችን አንድ ሥራ

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ እያንዳንዳችሁ በምትመላለሱበት መስመር ያነበባችሁትን አንዳንድ ጥቅስ ጽፋችሁ ኑ። በየጥቅሱ ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህን የሚናገረው ማነው? ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? የሚጠቀመውስ? ሴቶቹ እህቶች ስለ እነርሱ የተጻፉትን ጥቅሶች ሲያነቡ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቋቸው፤ ወንዶችም ሳታቋርጡ ስሙ።

መጻፍ የምትወዱ ደግሞ ብዕራችሁን አንሡ። በከተማችን ያልተጻፈ ብዙ የፍቅር ታሪክ አለ። ባሏ አምሽቶ ሲመጣ ውኃ አሙቃ እግሩን የምታጥበው ሚስት አለች፤ ሚስቱ ከሥራ እስክትመለስ ልጁን አዝሎ ሽሮ የሚሠራ ባልም አለ። እሑድ ብቻ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ የሚበላ አባት ያንን አንድ ቀን እንዴት እንደሚያሳልፍ ማን ጽፎልናል? ሁለት እጮኛሞች ሰልፍ ላይ ቆመው የወር ወጪያቸውን ሲያሰሉ ያለውን ሳቅና ፍርሃት ማን አሳይቶናል? ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ ተቀምጧል። ያልታወቀው ባለ ጥቅስ በአምስት ቃላት ጀምሮላችኋል፤ እናንተ ደግሞ ስለሚጠጋው ሰው ጻፉልን። ለመጪው እትም እንጠብቃለን። ጌታ ይርዳችሁ።